ለምን የት እንደሚኬድ

በደቡብ ጎንደር የአብነት ተማሪ ሀገሩን የሚያውቀው በትምህርቱ ነው፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር። ቤተልሔምና ዙር አባ ከዋና መንገድ የራቁ ደብሮች ቢሆኑም የትምህርቱ ማስመስከሪያ ናቸው። የትኛው ትምህርት የት እንደሚገኝ አጣርቶ የሚነግር ሰው ባይኖር ጀማሪው የት ይደርስ ነበር?

በኢንተርኔትም ያልታወቁ ግን ጠቃሚ ድረ ገጾችን መርጦ ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው የዚያን ነጋሪ ያህል ምስጋና ይገባዋል። ጉግል ስመ ጥሩን ያስቀድማል፤ የደብረ ታቦር የታሪክ መምህር የሚፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ተቀብሮ ይገኛል።

ለምሳሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ቅጂ እዚያ አለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ ቁጥር በቁጥር ይዘታቸውን ይናገራል። በነጻ ተመዝግቦ ብዙዎቹን ቅጠል በቅጠል ማየት ይቻላል። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ድርሰቱን፣ ደራሲውንና ቦታውን እርስ በርስ ያገናኛል። (ገጹ እንግሊዝኛ መሆኑ ያስቸግራል፤ ማውጫው ይህንንም መናገር አለበት።)

አምስት መቶ አድራሻ መደርደር ቀላል ነው። ሃያውን ከፍቶ አይቶ፣ የሞተውን ጥሎ፣ ምዝገባ ይጠይቅ እንደሆነና ዳታ ይበላ እንደሆነ መጻፍ ነው ሥራው። እርስዎም በቴሌግራም ሊንክ ሲያጋሩ ለማን እንደሚበጅ አንድ መስመር ይጨምሩበት።