የተጋድሎ ሒሳብ፦ ትዕቢት፣ ትሕትናና የሰው ድርሻ በድኅነት ትምህርት

በክርስትና የድኅነት ትምህርት ጸጋ፣ ማለትም እግዚአብሔር ለሰው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ስጦታ፣ እና ተጋድሎ፣ ማለትም ሰው በጾም፣ በጸሎት፣ በስግደትና በምጽዋት ከገዛ ፈቃዱ ጋር የሚገጥመው ትግል፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ሁለት ባለድርሻዎች ይታያሉ፤ ክርክሩም ከመዳን ውስጥ የእግዚአብሔር ስንቱ፣ የሰው ስንቱ ነው ወደሚል ሒሳብ ይወርዳል። በአገራችንም በኦርቶዶክሳውያንና በወንጌላውያን መካከል «በእምነት ብቻ» ወይስ «በእምነትና በምግባር» እየተባለ ሲካሄድ የኖረው ሙግት ከዚህ ሒሳብ ብዙም አልራቀም። የጥንት የገዳም መጻሕፍት ግን ከድርሻው መጠን ይልቅ የሚጨነቁት ሠሪው ሥራውን በምን ዓይን ያየዋል ለሚለው ጥያቄ ነው፤ በዚህ መለኪያ ሲታይ ድርሻን የመስፈር ፍላጎት ራሱ የትዕቢት ጅማሬ ሊሆን ይችላል።

በምዕራቡ ዓለም ክርክሩን ያጦዘው ከብሪታንያ መጥቶ በሮም ያስተምር የነበረው ፔላጊዮስ ነው። ሰው በተፈጥሮ በተሰጠው ነፃ ፈቃድ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ መፈጸም ይችላል ብሎ ማስተማሩን የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ አጥብቆ ተቃወመው፤ እ.ኤ.አ. በ418 የተሰበሰበው የካርታጎ ጉባኤም ትምህርቱን አወገዘ። ፔላጊዮስን በትዕቢት ብቻ ፈርጆ ማለፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እርሱን ያስቆጣው፣ ክርስትና የክብር መጠሪያ በሆነባት ከተማ ሰዎች ድካማቸውን ለስንፍናቸው መሸሸጊያ ማድረጋቸው ነበርና። ጥያቄው እውነተኛ ነበር፤ የሰጠው መልስ ግን ኃይለኛ ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ ኃይል የሚወድቅበትን ጉድጓድ ሳይሸፍን ተወው።

ያንን ጉድጓድ በቅርብ ያዩት የበረሃ መነኮሳት ናቸው። በግብፅ በረሃ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤቫግርዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ከሆዳምነት ጀምሮ በመጨረሻ ያስቀመጣቸው ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ነው፤ ውዳሴ ከንቱ የሰውን ምስጋና መሻት ሲሆን፣ ትዕቢት ደግሞ የበጎ ሥራን ምንጭ ከእግዚአብሔር ነጥቆ ለራስ መስጠት ነው። ቅደም ተከተሉ የሚለው ብዙ ነው፤ ሌሎቹ የሚበረቱት ሰው ሲሸነፍ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ድሉን ራሱን ይመገቡታል። የኤቫግርዮስን ትምህርት ወደ ላቲን ዓለም ያሻገረው ዮሐንስ ካስያን ውዳሴ ከንቱን በሽንኩርት መስሎታል፤ አንዱ ልባስ ሲላጥ ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። ያማረ ልብስ ያላኮራውን ሰው የተቀዳደደ ልብስ ያኮራዋል፤ ንግግሩ ያላስመካውም በዝምታው ይመካል። «እኔ ደካማ ነኝ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» የሚለው የዘወትር አነጋገርም ከዚህ ልባስ አንዱ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ይገባል።

ይኸው ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት የደረሰው በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ ይልቁንም በማር ይስሐቅ በኩል ነው። የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው የሆነው ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ከወራት በላይ ሳይቆይ መንበሩን ትቶ ወደ ብሕትውና ተመልሷል። መጽሐፉ በግእዝ ተተርጉሞ ከሌሎቹ መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር በአንድምታ ይተረጎማል። ይስሐቅ ትሕትናን በጨው ይመስለዋል፤ ጨው ወጥን እንደሚያጣፍጥ ሁሉ ትሕትናም የምግባርን ሁሉ ጣዕም ይሰጣል። ከዚህም አልፎ፣ ትሕትና ሥራ ባይኖራት እንኳ የብዙ በደል ስርየት ታስገኛለች፣ ሥራ ግን ያለ ትሕትና አይጠቅምም ይላል። የትዕቢትንና የትሕትናን ተቃራኒነት ቃሎቹ ራሳቸው ያሳያሉ፤ ትዕቢት «ዐብየ»፣ ታላቅ ሆነ፣ ከሚለው ግስ ሲወጣ፣ ትሕትና «ታሕት»፣ ታች፣ ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው።

ታዲያ ትሕትና ይህን ያህል ከበቃ ተጋድሎ ለምን ያስፈልጋል? የዚህ ዳሰሳ አቋም፣ ያልታገለ ሰው ድካሙን በስም እንጂ በእውነት አያውቀውም የሚል ነው። ጾሞ ያልሞከረ ሰው ምግብ ምን ያህል እንደሚገዛው አይረዳም፤ ለይቅርታ ያልታገለም ቂሙ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አያይም። በሉቃስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የሚጀምረው በምስጋና መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ጸጋን በአፉ አልካደም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙም ሐሰት አልተባለም። ጥፋቱ ጾሙን በሩቅ በቆመው ቀራጭ ላይ መለኪያ ማድረጉ ነው። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦታ ሲያደርስ ቁጥር አለ፣ ድካምም አለ፤ የሚቆጠረው ግን የምሕረት ልመና ነው። ጣቶቹ የሠራውን ሳይሆን የለመነውን ይይዛሉ።

በግብፅ አበው ዜና ውስጥ ስለ አባ ሲሶይ ዕረፍት የተጻፈው ታሪክ ይህን አስተሳሰብ እስከ ጫፉ ይወስደዋል። ዕድሜውን በበረሃ የጨረሰው ሽማግሌ ሊሞት ሲል ፊቱ እንደ ፀሐይ ያበራ ነበር፤ ከማይታዩት ጋር ሲነጋገር የሰሙት አረጋውያን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጠየቁት፤ እርሱም መላእክት ሊወስዱት እንደመጡና ንስሐ የሚገባበት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡት እየለመናቸው መሆኑን ነገራቸው። አረጋውያኑ ንስሐ እንደማያስፈልገው ሲነግሩት፣ ገና መጀመሩን እንኳ እንደማያውቅ መለሰላቸው። ፍጹም መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።