ከላይኛዋ መስመር በታች

የድምፅ መቆጣጠሪያዋ ቁልፍ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ዙሪያዋ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተሰምረዋል። ሐዋሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ሦስት ቀን ከሰዓት ተቀምጬ ያየሁት የሚክስ ጥበብ ያለው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ነው።

የላይኛዋ በልኬት የተሰመረች ናት። ሚክስ የሚያደርገው ልጅ በስልኩ የድምፅ መለኪያ ከመቀመጫው ለክቶ 76 ዴሲቤል ላይ አስምሯታል። ፊልም የሚሚከስባቸው ትልልቅ አዳራሾች 85 ይጠቀማሉ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ክፍል ግን ያን አትችለውም፣ ግድግዳው ራሱ መዝፈን ይጀምራል። የታችኛዋ ቁጥር የላትም። ዘፈኑ እየሄደ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ሳያነሳ የሚያወራባት ልክ ናት፤ በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅም ይሰማል።

ለምን ሁለት? ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ እኩል ስለማይሰማ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ይህንን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው፤ ከፍ ሲል ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እያስጮኸ የሚሚክስ ሰው ቤዙ የበቃ ይመስለዋል፤ ዘፈኑ ቤት ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲከፈት ግን ባዶ ይሆንበታል። ሁሉን ነገር ዝቅ አድርጎ የሠራው ደግሞ ቤዙን ይቆልልና የሠርጉን ድንኳን ያንቀጠቅጠዋል። ልጁ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን የሚያመዛዝነው ላይኛዋ መስመር ላይ ብቻ ነው።

ድምፃዊቷን ግን ታች ያወርዳታል። እኔን ያስደነቀኝም እዚህ ላይ ነው። አዝማቹ ውስጥ «ይሰማል» የሚል ቃል አለ። ሰ እና መ ሲላሉ ሰውየው ይሰማል፤ ሲጠብቁ ድምፁ ይሰማል። ሰሙም ወርቁም በዚህ ማጥበቅና ማላላት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልጅቷ አጥብቃ ነው የዘፈነችው። ጮክ ብሎ ሲከፈት ሁላችንም ጠብቆ ሰማነው፤ ግጥሙን ስለምናውቀው። ታችኛዋ መስመር ላይ ሲወርድ ግን ላልቶ አረፈው! መ የጠበቀባት ቅጽበት ላይ ኪቦርዱ ሞልቶ፣ የኢኮው ጭራም ክፍተቱን ደፍኖት ኖሯል። ልጁ ኪቦርዱን በሙሉ አልቀነሰውም። ያቺን ቦታ ብቻ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አንድ ዴሲቤል ያህል ጎድጎድ አደረጋት፤ ኢኮውንም አሳጠረ። ሰማ፣ መለሰ፣ ደግሞ ሰማ። አንድ ፊደል ላይ ሃያ ደቂቃ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ጨምርልን እንጂ» አለችው ድምፃዊቷ።

«ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ ቃልሽ ይድረስ።»

ሆኖም አንድ አዝማች ሙሉ ለቀቀላት፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያው ወደ ታችኛዋ መስመር መለሰው። የጮኸ ነገር ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል፤ ለዚህም ነው ልጁ፣ አቀናባሪው አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ ሚክስ ካደረጋቸው ሥራዎች አንዱን ከፍቶ ከራሱ ጋር ሲያስተያይ በመጀመሪያ የሁለቱን ከፍታ የሚያስተካክለው። ጆሮውንም ያስባል። 85 ዴሲቤል ላይ በቀን ስምንት ሰዓት የሚፈቀድ ከሆነ 88 ላይ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሦስት በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ያጥራል። የደከመ ጆሮ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ እየጨመረ ሲሄድ አይታወቀውም።

በሦስተኛው ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ ዘፈኑን ታችኛዋ መስመር ላይ አስጀምሮ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ጀርባውን ለስቱዲዮው ሰጥቶ ቆመ። ከበሮው ከሩቅ የሚመጣ ያህል ነበር፤ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። «ይሰማል» ግን ከነጥብቀቱ መጣ። ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ግንባሩ ቋጠር አለ። ተመልሶ ገባ፣ ማሲንቆውን ግማሽ ዴሲቤል ዝቅ አደረገና ደግሞ ወጣ።