ካሊበር፣ አፈሙዝ፣ መነጽር፦ ስለ አንድ የአደን መመሪያ ትርጉም

ለአስተያየት የቀረበልን ጽሑፍ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ የአደን ሽጉጥ ካሊበር፣ አፈሙዝና የማነጣጠሪያ መነጽር እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አጭር መመሪያ ነው። ጉዳዩ የአሜሪካ አዳኞች ጉዳይ በመሆኑ ለእኛ አንባቢ ሩቅ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ የቃል ስሕተት የአገላለጽ ጉድለት ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ተርጓሚውን አምኖ ጥይት የሚያጎርስ ሰው ዓይኑን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ጠበቅ ቢል ተርጓሚው እንደማይቀየሙን ተስፋ አለን።

መሣሪያው ቶምሰን ሴንተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ኮንቴንደር ነው። ተርጓሚው «ተፎካካሪው» ብለውታል። የፋብሪካ ስም አይተረጎምም። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር ሲወሰዱ አባቶቻችን ድምፁን ለአፋቸው አመቻቹት እንጂ ትርጉሙን አልፈለጉም። (ሰናድርና ውጅግራም እንደ ኮንቴንደር በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱ ነበሩ።) «ባለ አንድ ጥይት» የሚለውም አይበቃም፤ ባለቤቱ ከአንድ ጥይት በላይ የሌለው ያስመስላል። ሕዝቡ የመሣሪያን የመያዝ አቅም በጎራሽ ይቆጥራልና «አንድ ጎራሽ ሽጉጥ» ቢባል ከቋንቋው ሳንወጣ ነገሩን በትክክል እንገልጻለን። በዚሁ ምክንያት «አቀባብሎ» የሚለው ግስ ከቦታው መነሣት አለበት። ኮንቴንደር እንደ ማጠፊያ በመካከሉ ተከፍቶ ጥይቱ በእጅ የሚገባበት እንጂ ቃታው ወደ ኋላና ወደ ፊት ተስቦ የሚቀባበል አይደለም፤ ጥይት ይጎርሳል፣ አዳኙ ያጎርሰዋል።

ዋናው ችግር ያለው «ካሊበር» ላይ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛው በሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ላይ ይውላል፤ አንዱ የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት፣ ሌላው የጥይቱ ዓይነት ነው። ተርጓሚው በሁሉም ቦታ «የአፈሙዝ ስፋት» ብለው ስለ መለሱት፣ መመሪያው «ለአጋዘን የሚሆን ጥይት ምረጥ» የሚለው ቦታ ላይ አማርኛው «የአፈሙዝ ስፋት ምረጥ» ይላል። ይህ አደገኛ ነው። 30-30 ዊንቸስተርና 30 ሄረት የተባሉት ጥይቶች ሁለቱም 0.308 ኢንች፣ ማለትም 7.82 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር ይተኩሳሉ፤ አፈሙዛቸውም በስፋት አንድ ነው። የቀለሃቸው ቁመትና ቅርጽ ግን ይለያያል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀለህ በማሳጠር የተሠራ ነውና። ስፋቱ እኩል ነው ብሎ አንዱን በሌላው ቦታ ሊያጎርስ የሚሞክር አንባቢ ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። ስለዚህ ልኬት ሲሆን «የአፈሙዝ ውስጥ ስፋት»፣ ምርጫ ሲሆን «የጥይት ዓይነት» ተብሎ መለየት አለበት። «ካሊበር» የሚለውን ተውሶ ሁለቱንም መሸፈን ደግሞ የእንግሊዝኛውን ድንግርግር ከነቃሉ መውረስ ነው።

ቁጥሮቹም ቢሆኑ ማብራሪያ ይሻሉ። በ30-30 ውስጥ የመጀመሪያው ሠላሳ የአንድ ኢንች መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲወጣ የነበረው የጢስ አልባ ባሩድ ክብደት በግሬን ነው፤ 30 ግሬን ወደ 2 ግራም ይጠጋል። በ45-70 ውስጥ ደግሞ ሰባው የጥቁር ባሩድ ክብደት ነው። ተርጓሚው ግሬንን «ፍሬ» ሲሉት፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ መሠረቱ የእህል ቅንጣት መሆኑን አስታውሰው ይመስለናል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ጥይት የሚቆጠረው በፍሬ ነው። 11 ግራም የሚመዝን የአንድ አረር ክብደት «170 ፍሬ» ሲባል፣ አንባቢው አንድ አጋዘን ለመግደል መቶ ሰባ ጥይት ያስፈልጋል ብሎ እንዳይደነግጥ ያሠጋል! ግሬን ግሬን ይባል፤ በአጠገቡም በግራም ይጻፍ። ሙሉው ጥይት፣ የሚወረወረው አረር፣ የሚቀረው ቀለህ፣ የሚቃጠለው ባሩድ መሆናቸው በቋንቋችን ተለይቶ ሳለ፣ ሁሉንም «ጥይት» ማለት ያለንን ሀብት መጣል ነው።

ስለ አፈሙዝ ብዙ አንልም። «አፈ» የሚለው መነሻ ቃሉ ከጫፉ እንደ ተነሣ ቢያመለክትም፣ ልማዱ ለሙሉው ቱቦ ሰጥቶታልና ይጽና። «በርሜል» የሚለው የነዳጅ ዕቃ ስለሚያስታውስ አይሆንም። ነገር ግን ጫፉን ለብቻው መጥራት ሲያስፈልግ ተርጓሚው «የአፈሙዙ አፍ» ማለታቸው አፍን በአፍ ላይ መደረብ ነው፤ «የአፈሙዙ ጫፍ» በቂ ነው። ጥይቱ የሚያርፍበትን የኋላ ክፍል «መጉረሻ» ብንለው ከላይ ካጸናነው ግስ ጋር ይሄዳል። ይህ መለየት በኮንቴንደር ላይ ግድ ነው፤ ምክንያቱም መጉረሻው ከአፈሙዙ ጋር አንድ አካል በመሆኑ አፈሙዙን የለወጠ ሰው የጥይቱንም ዓይነት ለወጠ ማለት ነው። የ10 ኢንችና የ14 ኢንች አፈሙዝ ማነጻጸሪያው በደኅና ተተርጉሟል፤ ለጠመንጃ የተቀመመ ባሩድ በአጭር አፈሙዝ ውስጥ ኃይሉን ሳይጨርስ አረሩ እንደሚወጣ፣ ረጅሙ ፍጥነት ሲጨምር ሸክምም እንደሚጨምር አንባቢው ይረዳል።

የመጨረሻው መነጽር ነው። «ቴሌስኮፕ» ከዋክብትን፣ «መነጽር» ብቻውን ደግሞ በአፍንጫ ላይ የሚደረገውን ስለሚያሳስብ «የማነጣጠሪያ መነጽር» ይሻላል። ሁለቱ ቃላት ከግእዙ ነጸረ የመጡ አንድ ቤተሰብ ሳይሆኑ አይቀሩምና ድግግሞሹ እንኳ ደስ ይላል። ዓይን ከመነጽሩ መራቅ ያለበትን ልክ «የዓይን እፎይታ» ማለት ግን በምንም መንገድ ሊታለፍ አይችልም። እዚህ እፎይ የሚል ዓይን የለም፤ ያለው ርቀት ነው። የጠመንጃ መነጽር ከዓይን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሽጉጥ ክንድ ተዘርግቶ ስለሚተኮስ የእርሱ መነጽር በአብዛኛው ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱን ያልተረዳ ሰው የጠመንጃ መነጽር ሽጉጡ ላይ አስሮ ወደ ፊቱ ካስጠጋው፣ ሽጉጡ ሲራገጥ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቡን ይተረትረዋል። «የዓይን ርቀት» የሚለው ቀላል ሐረግ ይህን ይከላከል ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ፣ ይኸውም ከሁለት እስከ አራት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ለሽጉጥ የሚመረጠው ከፍ ያለው አጉሊ የእይታውን ስፋት ስለሚያጠብና የክንድን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ነው የሚለው፣ ከትርጉሙ ሁሉ የተሻለው ነው፤ እንዳለ ቢታተም እንወዳለን።