ስለ ጌቲስበርግ ንግግርና ስለ ነቃፊዎቹ

አጭርና ግልጽ ንግግርን ሰሚ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይረዳዋል የሚል እምነት በእኛ በመምህራን ዘንድ ሳይቀር ተለምዷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ኖቬምበር 19 ቀን 1863 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በጌቲስበርግ ያደረጉት ንግግር ግን ይህን እምነት ያፈርሰዋል።

ከአራት ወር ተኩል በፊት በዚያ ስፍራ በተደረገው የሦስት ቀን ውጊያ ከሁለቱም ወገን ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ ቆስሏል፤ ወይም ደብዛው ጠፍቷል። ለወደቁት የሰሜን ወታደሮች የተዘጋጀው መካነ መቃብር ሲመረቅ ዋናው ተናጋሪ ኤድዋርድ ኤቨረት ነበሩ፤ ሁለት ሰዓት ያህልም ተናገሩ። የዘመኑ ልማድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። (በእኛም አገር አልቃሽ ሁለት ስንኝ ብቻ ብላ ብትቀመጥ ሐዘንተኛው ምን እንደሚል አንባቢ ያውቃል።) ሊንከን ግን 270 ያህል ቃላት ተናግረው ተቀመጡ።

ጋዜጦቹ ወዲያው ተለያዩ። ስፕሪንግፊልድ ሪፐብሊካን ንግግሩን ከዕንቍ ጋር አመሳሰለው። አንድ የሐሪስበርግ ጋዜጣ ከንቱ ቃል ነውና ይረሳ አለ፤ ወራሹ ጋዜጣ ይህን ፍርድ የሻረው በ2013 ነው። ኤቨረት ራሳቸው በማግሥቱ በጻፉት ደብዳቤ፥ በሁለት ሰዓት የደከሙበትን ቁም ነገር ፕሬዚዳንቱ በሁለት ደቂቃ እንደ ደረሱበት መስክረዋል።

ብዙዎች ነቃፊዎቹን እንደ አላዋቂ ቈጥረው ያልፏቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ንግግሩን ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ያነበበው የሊንከን ተቃዋሚ የነበረው ቺካጎ ታይምስ ነው። ሊንከን አገሪቱ ከ87 ዓመት በፊት የተመሠረተችው ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋል በሚል ሐሳብ ነው ሲሉ የ1776ቱን የነጻነት መግለጫ መጥራታቸው ነበር። ጋዜጣው ግን ሕገ መንግሥቱን ገልጦ ተከራከረ። በዚያ ሕግ የእንደራሴዎች ቍጥር ሲወሰን አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው ይታሰባሉ፤ ወታደሮቹም የሞቱት ለዚሁ ሕግ ነው፤ ታዲያ ፕሬዚዳንቱ በመቃብራቸው ላይ ቆመው የሞቱበትን ምክንያት እንዴት ይለውጣሉ ሲል ጠየቀ።

ይህ ባርነትን የሚታገሥ ሰው ክርክር ስለ ሆነ አንቀበለውም። ነገር ግን ባርነት የሚለው ቃል በንግግሩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም፤ ጋዜጣው ግን ነገሩ እርሱው መሆኑን ዐወቀ። አመስጋኞቹ የቃሉን ውበት ሲያደንቁ፥ ሊንከን ሕገ መንግሥቱን በነጻነት መግለጫው ሚዛን እንደ መዘኑት የተረዳው ነቃፊው ነበር። ስለ ሕጉ ቃልም በዚያን ቀን አልተሳሳተም። ባርነት የተሻረው በ1865 በ13ኛው ማሻሻያ ሲሆን፥ የሦስት ሰው ስሌቱም የቀረው በ1868 በ14ኛው ማሻሻያ ነው፤ ሊንከን ሁለቱም ሲጸድቁ በሕይወት አልነበሩም።