ብራናን አጉልቶ ማየት

አዳማ ተቀምጦ ኮምፒውተር የከፈተ ተማሪ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ባለ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ የግእዝ ብራና ምስል ማገላበጥ ይችላል። ምስሉ ግን የተነሣው እዚሁ አገር ቤት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ ብዙዎቹን አንብበው በካታሎግ ያሰፈሯቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

የምስል ማሳያው ትልቁ ውለታ ማጉላቱ ነው። ከሩቅ እድፍ የመሰለው ነገር ሲቀርብ ለማስመሪያ የተወጋ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት የባለቤት ስምም፣ በኅዳግ የተጫረ ማስታወሻም ብቅ ይላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ ቀለም ስለሚፈዝ፣ የቅዱሳንን ስም የሚፈልግ ሰው ደብዘዝ ያለውን ቃል ቢከተል ይቀናዋል። ጧፍ ይንጠባጠብ ይሆን ብሎ መስጋትም የለም!

ብራናን በአካል ማየት ግን ጉዞ ይጠይቃል። ከባቱ ከተማ ማዶ፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ባለችው ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ የደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታዊ ብራናዎችን ጠብቃ ኖራለች። ወደዚያ የሚኬደው በጀልባ ነው። ምስል ጉዞውን አይተካም፤ ብራናው ግን በየጊዜው ከመነካካት ይድናል።

በሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ለመመዝገብ ክፍያ የለም፤ ግእዝ የሚያነብ ሁሉ ገብቶ ይሞክረው።