ከዛር ሥርዓት የተቀዳው ድምፅ

ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ዓመት፥ ገና ወጣት ሳለ፥ በካይሮ ከነበረ የራዲዮ ጣቢያ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ፥ ሴቶች ዛርን ከሚለማመኑበት ሥርዓት ዘንድ ሄዶ ዜማቸውን ቀዳ። ከዚያም ወደ ጣቢያው ተመልሶ፥ ወፍራሙን ድምፅ እያስወገደ፥ ቀጭኑንና የሚያስተጋባውን እያስቀረ፥ ደጋግሞም እየቀዳ አዲስ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡርን ድምፅ በፓሪስ ቀድቶ ያቀናበረው በ1948 ነውና፥ የቀደምትነቱ ክብር ለካይሮው ሰው ይገባል።

ዛሬ ከዚያ ሥራ የሚሰማው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። የቃሉ ፍች አይለይም፤ ከሩቅ ሸለቆ የሚመጣ የሚመስል እንጕርጕሮ ብቻ ነው። የዛር ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ካህናት ሲገሥጹት ኖረዋልና። ኤል ዳብ ግን ዛርን አላወደሰም፥ አልነቀፈምም። እንደ ተቀዳ አሰምቶት ቢሆን፥ የሰው ጭንቀት ለትዕይንት በቀረበ ነበር፤ መልኩን ስለ ሸፈነው በሴቶቹ ሊሣለቅ የሚችል የለም። ብልሃቱም በመጨመር ሳይሆን በመተው ነው።

ሆኖም ይኸው መተው ስሞታ አለበት። ሴቶቹ የመጡት ጭንቀታቸውን ሊናገሩ ነበር፤ የተናገሩት ግን ከሥራው ጠፍቷል። የዜማው ማማርም ይህን ጉድለት ያብሰዋል እንጂ አይሸፍነውም። በ1963 በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፥ ያው ሰው ክራሩንም መሰንቆውንም ዋሽንቱንም በየራሳቸው ድምፅ አሰማ፤ ምንም አላስወገደባቸውም።