የዕንቍላል ዕጢ ምን ያህል ይመሰክራል?
ስለ ጣና ባርበስ መራቢያ በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሒስ

ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ የደብረ ታቦርን ደጋ ለቆ በፎገራ ሜዳ አድርጎ ጣና ይገባል። ክረምት ሲሆን በሐይቁ የሚኖሩት የባርበስ ዓሦች ወንዙ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት ስፍራ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ፤ ውሃው ኦክስጂን በበዛበትና ጠጠር በተነጠፈበት ገባር ጅረት ውስጥም ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። ይህንን ጉዞ ፓልስትራ፣ ደ ግራፍና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ በሚገባ ገልጸውታል። ድካማቸውን የምንንቅ አይደለንም፤ ስለ ጉማራ ዓሦች ከምናውቀው አብዛኛውን ያገኘነው ከእነርሱ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሥራ የተወሰደ አንድ ግምት እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጠቀስ ስለምንሰማ፣ በእርሱ ላይ ጥቂት ልንል ወደድን።

ግምቱ ይህ ነው። በጣና ብቻ ከሚገኙት 15 የባርበስ ዓይነቶች 7ቱ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ የቀሩት 8ቱ በወንዙ ውስጥ ስላልታዩ በሐይቁ ውስጥ ሳይራቡ አይቀሩም ተባለ። «ሳይራቡ አይቀሩም» የሚለው ቃል ግን እየዋለ ሲያድር «ይራባሉ» ሆነ።

አንድ ዓሣ በአንድ ወንዝ ውስጥ አለመታየቱ ወደ ማናቸውም ወንዝ ላለመውጣቱ ምስክር አይሆንም። ላቤዎባርበስ ኔድጂያ የተባለው ከ8ቱ አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የአርኖ ጋርኖ ወንዝ ጥናት ግን ወደ ወንዙ በብዛት ከሚወጡት መካከል ተቈጥሯል። አርኖ ጋርኖም ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው ሊቦ ከምከም ነው!

ሁለተኛው ነገር የዕጢው አነባበብ ነው። በጣና የተለመደው ዘዴ የዓሣዋን ሆድ ሰንጥቆ የዕንቍላል ዕጢዋን በዓይን በማየት ከ7 ደረጃዎች በአንዱ መመደብ ነው። ያልደረሰው ዕጢ ቀጭን ክር ይመስላል፤ እየደረሰ ሲሄድ አስኳል ይሞላና ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ የበሰለው ሆዷን ጫን ሲሉት ይፈስሳል፤ ጥላ የጨረሰችው ዕጢ ደግሞ እንደ ባዶ ከረጢት ተልፈስፍሶ ይቀላል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ በጀልባ ላይ ለሚሠራ ሰው ምቹ ነው። የሚያሳስተው ግን ጥሎ ያገገመ ዕጢና ገና መድረስ የጀመረ ዕጢ ለዓይን ስለሚመሳሰሉ ነው። ከዚህም በላይ የበሰለ ዕጢ የሚናገረው ዓሣዋ መዘጋጀቷን እንጂ የት እንደምትጥል አይደለም። በእስያ ወንዞች የሚኖረው ትልቁ የንጹሕ ውሃ ሽሪምፕ በዚህ ረገድ ለተመራማሪ ቸር ነው፤ የበሰለው ዕጢ በጀርባው ቅርፊት ሥር ብርቱካን መስሎ ከውጭ ይታያል፤ ሴቷም የጣለችውን ዕንቍላል ከሆዷ ሥር ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ትቆያለች። የእኛ ባርበስ ጠጠር ላይ ጥሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ዕንቍላሉ ሲወጣ፣ አቅፎት የነበረው ሽፋን ባዶውን ለጥቂት ጊዜ በዕጢው ውስጥ ይቀራል፤ ዕጢው በስሱ ተቈርጦ ቀለም ገብቶበት ሲታይም ዓሣዋ በቅርቡ መጣሏን ያስረዳል። እንዲህ ያለው ሽፋን ከወንዝ ርቃ በሐይቁ መካከል በተያዘች ሴት ዘንድ ቢገኝ፣ የሐይቅ መራባት ግምት ያን ጊዜ መሠረት ያገኛል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በ10 ዓመት ውስጥ የጣና ባርበስ ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ጽፈዋል፤ ለመራባት የተሰበሰቡትን በወንዝ መግቢያ በመረብ መያዝንም ከምክንያቶቹ ቈጥረውታል። ከዚያ ወደ ላይ ደግሞ ዓሣ ለመግደል ብርብራ ይወቀጣል፤ አሸዋው ለግንባታ ይዛቃል፤ በበጋ ውሃው ለመስኖ በፓምፕ ይሳባል፤ በርብም ላይ ግድብ ተሠርቷል። 8ቱ በሐይቅ እንደሚራቡ ያመነ ሰው፣ ወንዞቹን ለመጠበቅ ዕቅድ ሲያወጣ እነርሱን ከሒሳቡ ያስወጣቸዋል።

በሚመጣው ክረምት ወደ ፎገራ የሚወርዱ ባልንጀሮቻችን፣ ከ8ቱ አንዷ ሴት በመረባቸው ከገባች የዕጢዋን ደረጃ በመዝገብ ጽፈው ዕጢውን እንዳይጥሉት፣ ቁራሹን በፎርማሊን አስቀምጠው የተያዘችበትን ቀንና ስፍራ እንዲለጥፉበት እንለምናለን።